የእሳትና ጭድ አሰላለፍ

እሑድ፣ አንደኛ ሳምንት

ውድድሩ ዛሬ ተከፈተ። ይህን ደብተር ያወጣሁት የምናሰልፋቸውን ካርዶችና ውጤታችንን ልጽፍበት ነው። አምና ሁሉን በቃል ይዘን «ያን ቀን የጃርትን ካርድ ያስወጣሽው አንቺ ነሽ» «አንተ ነህ» ስንባባል ግማሽ ቀን አለቀ። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ በአፉ ያለውን በአፉ ይክዳል። ተጽፎ ሲያየው ግን የሚያደርገው ያጣል።

ጨዋታው «ሦስት መንገድ» ይባላል። እኛ የምንጫወተው በጋሼ ታብሌት ላይ ነው። ወደ ባላጋራ ግንብ የሚያስገቡ ግራ፣ መሃልና ቀኝ ሦስት መንገዶች አሉ። በአራት ዓመት ከሰበሰብናቸው መቶ ምናምን ካርዶች ስድስቱን መርጠን በየመንገዱ እናሰልፋለን። ካርዱ ላይ ጉልበቱና ዕድሜው በቁጥር ተጽፏል፤ ከሥሩ ምን እንደሚሠራ የምትናገር አንዲት ቀጭን መስመር አለች። እኛ ያለንበት የጥንዶች ሊግ ነው። ሁለት ሰው አንድ አሰላለፍ ያወጣል፣ ሁለቱም «ይጽደቅ» የሚለውን ካልነኩ ግጥሚያው አይጀመርም። ስምንት ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ግጥሚያ። ስምንት ጥንዶች ለፍጻሜ ያልፋሉ። አምና ዘጠነኛ ወጣን። ዘጠነኛ ከመውጣት መቶኛ መውጣት ይሻላል፤ ቢያንስ እንቅልፍ አይነሳም።

ስማችን «እሳትና ጭድ» ነው። ማን እሳት፣ ማን ጭድ እንደሆነ እስካሁን አልተስማማንም።

የዛሬው፦ ግራ፣ ጃርትና ዘበኛው። መሃል፣ ቀይ ጎሽና አንጥረኛው። ቀኝ፣ ንግሥት ንብና አሻጋሪው። እኔ አሰላለሁ፣ ጋሼ ያንቀሳቅሳል። ሠላሳ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ እጅ አይቸኩልም። አሸነፍን። እታለም፣ ማለት የጋሼ ሚስት፣ «ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ እኔ የማስተምራቸው የአምስት ዓመት ሕፃናት ከእሱ ይረጋሉ» አለች።

ሐሙስ፣ አንደኛ ሳምንት

ተሸነፍን። በግራ መንገድ ሁለት ካርድ ሦስት ተራ ሙሉ ሲመጣ ጋሼ እጁን አልሰነዘረም። ጃርት እዚያው ቆሞ ነበር፣ ቢነካው በቂ ነበር።

«ተኝተህ ነው?»

«አይቼዋለሁ። ንቄው ነው።»

«ግንብህ ሲፈርስም ንቀኸው ነው?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው አይቼዋለሁ አልኩሽ።»

በምሳ ሰዓት ነው የምጽፈው፣ በምሠራበት መነጽር ሱቅ፣ ሌንስ መሞረጃው ጎን። እጄ አቧራ ነው። ንቄው ነው ይላል።

እሑድ፣ ሁለተኛ ሳምንት

ጋሼ አዲስ አሰላለፍ ይዞ መጣ። አራት ካርድ መሃል፣ አንድ ግራ፣ አንድ ቀኝ። «ይሄ አሰላለፍ ሳይሆን ወረፋ ነው» አልኩት። «መሃሉን የያዘ ዳሩን አይፈራም» አለ። ማን እንደተረተው ስጠይቀው «እኔ፣ አሁን» አለኝ።

ዘበኛውን አስወጣው። ዘበኛው ባላጋራ የደበቀውን ካርድ የሚያሳይ ነው፤ የእኛ ዓይን እሱ ነው። «ጽሑፉ አታካች ነው፣ ፊደሉን አሳነሱት» ይላል። ማንም አላሳነሰውም።

ተከራከርን፣ ተሸነፍኩ፣ አጸደቅኩ። አሸነፍን ደግሞ። በመሃል መንገድ እንደ ጎርፍ ነው የገባንባቸው። እንዳልተናደድኩ ሆኜ ሻይ ቀዳሁ።

ሻዩን ሳቀርብ እታለም ከማድ ቤት እየሳቀች፣ «ሰሞኑን የቤቱ በርጩማ ሁሉ ጠላቱ ሆኗል። ቅልጥሙን ብታዪው የሰፈር ኳስ ተጫዋች ይመስላል» አለች። ጋሼም ሳቀ። ሱሪውን ወደ ታች ሳብ አደረገው።

ረቡዕ፣ ሁለተኛ ሳምንት

አሸነፍን። መሃል መሃል። ስምንተኛ ነን። ጋሼ የማታ ተራውን በጠዋት ቀይሯል። «ወጣቶቹ ማታ ይንዱ፣ እኔ ከሚስቴ ጋር እራት ልብላ» አለ። ጥሩ ነው። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ሚስቱን ያስታውሳል።

ማክሰኞ፣ ሦስተኛ ሳምንት

የሱቃችን የዓይን ዶክተር ዛሬ ለአንድ ሽማግሌ ስታስረዳ በመጋረጃው በኩል ሰማኋት። የምሠራው እሷ ባዘዘችው ልክ ሌንስ መሞረድ ስለሆነ ንግግሯ ሁሉ ይደርሰኛል። «አባባ፣ ግላኮማ አያምም፣ አያሳክክም። ከዳር ከዳር እየበላ ነው የሚመጣው። ሰውየው መሃሉን ስለሚያይ ሁሉን ያየ ይመስለዋል» አለች።

የጻፍኩት አነጋገሯ ስላማረኝ ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ ሦስተኛ ሳምንት

የጋሼ አውቶቡስ የቀኝ ስፖኪዮ ረግፏል። «የቆመ መኪና መጥቶ ገጨኝ» ብሎ ነገረን። እታለም ሳቀች። እኔም። አሳሳቁን ያውቅበታል፤ ሰው ስቆ ሳይጨርስ ወሬ ይቀይራል።

ከሳቁ በኋላ ስለ አሰላለፍ ስናወራ የሻዩን ብርጭቆ ወደ ግራው ገፋ አደረግኩት። ለምን እንደገፋሁት አላውቅም፤ ቦታ ለማስለቀቅ ይሆናል። ጋሼ ለታብሌቱ እጁን ሲዘረጋ በክርኑ መታው። ምንጣፉ ራሰ። ክፍሉ ትንሽ ጨለም ይል ነበር።

እሑድ፣ አራተኛ ሳምንት

ትናንት የጻፍኩትን አነበብኩ። ብርጭቆው የፈሰሰው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። መስኮቱም ክፍት ነበር።

ዛሬ ተሸነፍን። ሁለቱም ዳር ተከፍቶ ገቡብን። ሌሎቹ ጥንዶች ነቅተውብናል፤ እሳትና ጭድ መሃል እንጂ ዳር የለውም ተባብለዋል መሰለኝ። በጽሑፍ መልእክት አንዱ «ዳር ዳሩን ግቡባቸው፣ አያዩም» ብሎ ለጓደኛው ሊልክ በስህተት ለሁሉም ልኮታል። ጋሼ አነበበውና ታብሌቱን ዘጋው።

ረቡዕ፣ አራተኛ ሳምንት

ዛሬ እረፍቴ ነው። ቁጭ ብዬ በደንብ ልጽፈው።

ጠዋት የጋሼን አውቶቡስ ጠብቄ ተሳፈርኩ። የተሳፈርኩት ጉዳይ ስላለኝ ነው ብዬ ነበር የወጣሁት፤ ጉዳይ አልነበረኝም። ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ተቀመጥኩ። በመስታወት አይቶኝ «እቱ፣ ዛሬ ደግሞ ወዴት?» አለ። «እንዲሁ አየር ልቀበል» አልኩ። ተሳፋሪው ሳቀ፤ በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ብዙ የሚያስመሰግን አየር የለም።

አነዳዱን አየሁ። ድሮ ትንሽ ልጅ ሆኜ ፌርማታው ላይ ጠብቄ ስሳፈርበት አንገቱን ሳያንቀሳቅስ በዓይኑ ብቻ ነበር የሚነዳው። አሁን በየመገንጠያው ራሱን እንደ ጉጉት ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ ያዞራል። ከልብ ይጠነቀቃል። ከመስመሩ ሹፌሮች ሁሉ ቀስ ብሎ የሚነዳው እሱ ነው። ይህን ለመመስከር ዝግጁ ነኝ።

ከፖስታ ቤቱ አለፍ ብለን አንዲት ሴት በእጅ ጋሪ ባዶ ጠርሙስ እየገፋች በቀኝ በኩል ከእግረኛ መንገዱ ወረደች። ገና ፖስታ ቤቱ ጋ ሳለን አይቻታለሁ። ቀይ ሻርፕ ለብሳለች። እየቀረብን ነው። አሁን ይቀንሳል አልኩ። አሁን። ከፊት የተቀመጠችው ሴትዮ «ኧረ ሰው፣ ሰው» ስትል ፍሬን ያዘ። ግንባሬ ከብረቱ ጋር ተጋጨ፣ የአንዱ ሰውዬ ዘንቢል ተገልብጦ ሽንኩርት እስከ ኋላ በር ተንከባለለ። ጋሪው ጎማውን ብቻ ተነክቶ ዞረ፣ ጠርሙሶቹ ተበተኑ። ሴትየዋ ቆማለች። ምንም አልሆነችም።

ጋሼ መሪውን እንደያዘ «ከየት መጣች?» አለ።

ወርዶ ጠርሙሱን አብሯት ለቀመ፤ ይቅርታ ጠየቃት። እሷ ነች እሱን ያጽናናችው።

መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሰው ሁሉ ሲወርድ ወደኔ ዞረ። «አየሻት?»

«ድንገት ነው የገባችው» አልኩት።

«ድንገት ነው አይደል?»

«ድንገት ነው።»

ዓይን ያወጣ ውሸት። ለምን እንዳልኩት እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ። ፊቱን አይቼ ነው። እሱ ፊት ላይ «ድንገት ነው በይኝ» የሚል ነገር ነበር፤ እኔም አልኩለት። ሴትየዋ ምን አደረገችኝ? ቀይ ሻርፕ ለብሳ በጠራራ ፀሐይ ጋሪዋን ስትገፋ ነበር።

ሐሙስ፣ አራተኛ ሳምንት

አሰላለፍ፦ የእሑዱ። ተሸነፍን። አሥራ አንደኛ። ግንባሬ አብጧል፤ ዶክተሯ ምን ሆንሽ አለችኝ፣ የመደርደሪያ በር ነው አልኳት።

ሰኞ፣ አምስተኛ ሳምንት

ከምሳ በኋላ ደንበኛ አልነበረም። «ዶክተር፣ አንድ ሰው ነበር፣ ሌንስ ሊያስለካ የመጣ» ብዬ ጀመርኩ። ዳሩን እንደማያይ፣ ዕቃ እንደሚገጭ፣ የሰሌዳውን ፊደል ግን እስከ ታችኛው መስመር እንደሚያነብ ነገርኳት።

«ያነባል እንጂ። ፊደሉ ያለው መሃል ላይ ነው» አለች። «ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሃምሳ ሦስት።»

«በጠብታ ባለበት ማቆም ይቻላል። የሄደው አይመለስም። መኪና ይነዳል?»

ፍሬም ማጥበቅ ጀመርኩ።

«ወንድም እህት ካለው እነሱም ይምጡ በይው። ይህ በቤተሰብ የሚሄድ ነው። ወላጆቹ እንዴት ነበሩ?»

«እጠይቀዋለሁ» አልኩ።

አባታችን በመጨረሻዎቹ ዓመታት በር እየገጨ ይገባ ነበር። እርጅና ነው ብለን ስቀናል። እሱም ከእኛ ጋር ይስቅ ነበር።

ነገ ለጋሼ እነግረዋለሁ።

ማክሰኞ፣ አምስተኛ ሳምንት

ደክሞት ነበር። አልነገርኩትም።

ሐሙስ፣ አምስተኛ ሳምንት

እታለም ነበረች። በእሷ ፊት አይሆንም። አሰላለፉን ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ ብቻሽን አውጪው፣ እኔ አጸድቃለሁ» አለኝ። ሁለት ሁለት አድርጌ አሰለፍኩ። እያየሁ «ግራ»፣ «ቀኝ ላይ ንብ አለች» እያልኩ ነገርኩት። አሸነፍን። እታለም «ዛሬ እንደ አሰልጣኝ ትጮኺያለሽ» አለች። ጋሼ ሳቀ፣ ግን ወደኔ አላየም። እሱም ገብቶታል ማለት ነው። ወይም እኔ ነኝ የፈለግኩት እንዲገባው።

ዓርብ፣ አምስተኛ ሳምንት

አሸነፍን። ዘጠነኛ። አልነገርኩትም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ደግሞ ነገ በየዓመቱ ሹፌሮቹን የሚመረምሩበት ቀን ነው። እዚያ ያገኙታል። የእነሱ ሥራ ነው። እኔ ምን ቤት ነኝ?

ቅዳሜ፣ አምስተኛ ሳምንት

ጋሼ ብስኩት ይዞ ሱቁ ድረስ መጣ። ተመርምሮ አልፏል። ወረቀቱን ዘርግቶ አሳየኝ፣ ማኅተም አለበት። በሰሌዳው ላይ ሁሉንም መስመር አንብቧል። «ነርሷ ዓይንህ የንስር ነው አለችኝ» አለ። «አየሽ እቱ? ወረቀት ነው የሚናገረው።»

ዶክተሯ ከክፍሏ ወጥታ ሰላም አለችው፤ እጇን ከጎን ዘረጋችለት። እጇ አየር ላይ ቀረ። ጋሼ ወደኔ እያየ ስለ ነርሷ ይቀልዳል። ዶክተሯ እጇን ሰበሰበች፤ እኔን አየችኝ። ደንበኛው ማን እንደሆነ ዛሬ አወቀች።

ብስኩቱ እሽጉ ሳይከፈት እዚሁ አለ።

እሑድ፣ ስድስተኛ ሳምንት

እታለም የወላጆች ስብሰባ ነበራት። ሁለታችን ብቻ ነበርን። አሰላለፍ ለማጽደቅ አሥር ደቂቃ ነበረን።

ጋሼ እንደገና አራቱን መሃል ደረደረ። ከልምምድ ሰሌዳው ላይ ሁለት ካርድ ግራ ጫፍ አስቀመጥኩና «ጋሼ፣ ራስህን ሳታዞር ግራው ላይ ምን እንዳለ ንገረኝ» አልኩት።

«ምንም የለም።»

«ራስህን አዙርና እየው።»

አዞረ። አየ። ታብሌቱን በፊቱ ደፋው።

«ሐኪም ሆንሽ?»

«አልሆንኩም።»

«ሌንስ ሞራጅ ነሽ።»

«ሌንስ ሞራጅ ነኝ። ያን ሁሉ ዓመት ከመጋረጃ ኋላ የሰማሁት ግን አለ። ግላኮማ ይመስለኛል። ዶክተሯ ትይህ፣ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ነው።»

«ካየችኝ በኋላስ?»

ካየችው በኋላ ያለውን ሁለታችንም እናውቃለን።

«ሠላሳ አምስት ዓመት አገልግሎት ልደፍን ሦስት ዓመት ነው የቀረኝ እቱ። ሦስት ዓመት ነድቼ በክብር ልውረድ። ሰው ገጨሁ?»

«አልገጨህም።»

«በቃ።»

«ሴትየዋን እኮ...»

«ድንገት ነው የገባችው ያልሽው አንቺ ነሽ።»

የራሴ ውሸት ነው የመጣብኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወለሉን እያየ፣ «ጠዋት ጠዋት ደህና ነኝ። ፀሐይዋ ከፊት ካልመጣች ደህና ነኝ። መስመሩን እንደ ቤቴ አውቀዋለሁ» አለ። ይህን ሲናገር ምን ያህል ጊዜ ብቻውን እንደያዘው ገባኝ። ክረምቱን በሙሉ ይሆናል። ምናልባትም ከዚያ በላይ።

«እታለም እንዳትሰማ። ማንም እንዳይሰማ። ሆድ ይፍጀው። እሺ በይኝ።»

ይህ ሰው አባታችን ሲታመም ትምህርቱን ትቶ መሪ የጨበጠው እኔ እንድማር ነው። በሕይወቴ አንድም ነገር እሺ በይኝ ብሎ ለምኖኝ አያውቅም።

እሺ አልኩት።

የግጥሚያው ሰዓት አልፎ ነበር። ሳናጸድቅ ቀረን፤ በፎርፌ ተሸነፍን።

ሰኞ፣ ስድስተኛ ሳምንት

ሥራ በዛ። አንድ ሌንስ ሰበርኩ። አንድ ሌላ ሌንስ በግራና በቀኝ አገላብጬ ገጠምኩ። ዶክተሯ «ወንድምሽ መቼ ይመጣል?» አለችኝ። ወንድምሽ አለች፣ ደንበኛሽ አላለችም። «ይህን ዓይነት ነገር ለመሥሪያ ቤቱ መናገር ያለብኝ እኔ መርምሬው ቢሆን ነበር። አልመረመርኩትም» አለችና ወደ ክፍሏ ገባች።

ማክሰኞ፣ ስድስተኛ ሳምንት

ጠዋት ፈቃድ ጠየቅኩ። አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ዴፖ አካባቢ ጉዳይ ነበረኝ። ዳቦ ገዝቼ ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ስድስተኛ ሳምንት

ምንም የለም።

ዓርብ፣ ስድስተኛ ሳምንት

እታለም እየሮጠች መጣች። የስምሪት ኃላፊው ጋሼን ጠርቶ ቁልፉን ተቀብሎታል። ዓይን ሐኪም ዘንድ ሙሉ ምርመራ አድርጎ ወረቀት እስኪያመጣ ድረስ መሪ አይጨብጥም። «ሰው ጠቁሞበት ነው። የትኛው ምቀኛ ነው?» አለች። አልቅሳለች። ለካ ስለ ዓይኑ ምንም አታውቅም ኖሯል፤ በርጩማው ላይ ስትስቅ የከረመችው ከልቧ ነው።

ውሃ ሰጠኋት። «ምቀኛ ላይሆን ይችላል» አልኩ።

«ታዲያ ማን ነው?»

«ዋናው መመርመሩ ነው። ሰኞ ይዘሽው ነይ፣ ለዶክተሯ እነግራታለሁ» አልኩ። እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር አለች።

እሑድ፣ ሰባተኛ ሳምንት

አሰላለፍ ላክሁለት። ሁለት ሁለት። ጋሼ አላጸደቀም። ስልክ ደወልኩ፣ አያነሳም። ፎርፌ። ለፍጻሜ ማለፍ በቃ፣ ሄደ።

የሚገርመው፣ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ስልኬን እያየሁ ነበር። የእኔ ምልክት አረንጓዴ፣ የእሱ ግራጫ።

ሰኞ፣ ሰባተኛ ሳምንት

መጣ። እታለም ክንዱን ይዛ። ራሱን ነቅንቆ ሰላም አለኝ፣ በቃሉ አይደለም። ዶክተሯ አገጩን መሳሪያው ላይ አስደግፋ፣ ከዳር ብልጭ የሚሉ ነጥቦችን ሲያይ ቁልፍ እንዲጫን አዘዘችው። ሌንስ እየሞረድኩ ጆሮዬን ወደ መጋረጃው ሰጠሁ። የቁልፉ ድምፅ ቀጭ ይላል። ከዚያ ረጅም ዝምታ። ከዚያ ቀጭ። ማሽኔን አጠፋሁት። ዝምታው እጅግ ረጅም ነበር፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ ስንት ነጥብ በርቶ እንደጠፋ እሱ አያውቅም።

ሁለቱም ዓይን ነው። ግራው ይብሳል። ጠብታ በየቀኑ፣ እስከ ዕድሜ ልክ። መሃሉ ሊተርፍ ይችላል። መንዳት የለም።

«በጊዜ ነው የመጣኸው ልልህ አልችልም» አለችው ዶክተሯ። «ግን መጥተሃል። ከዓመት በኋላ ብትመጣ ሌላ ነገር ነበር የምነግርህ።»

ሲወጣ የእታለምን ክንድ አልያዘም። የበሩን መቃን በትከሻው ገጨ።

ከእነሱ በኋላ ዶክተሯ ወንበሩን እያሳየች «አሁን አንቺ» አለችኝ። ሥራ አለብኝ አልኩ። «ሌንሱ ይቆያል» አለች። ተቀመጥኩ። የእኔ ግፊት ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ዳሩ ገና ደህና ነው። እኔም ጠብታ ታዘዘልኝ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ለዐሥራ አራት ዓመት ያን ወንበር ስወለውለው ኖሬ አንድ ቀን አልተቀመጥኩበትም።

ሐሙስ፣ ሰባተኛ ሳምንት

ፎርፌ።

ዴፖው ስምሪት ክፍል ውስጥ ቦታ ይሰጡታል ትላለች እታለም። በሬዲዮ ሹፌሮቹን የሚመራ ሰው ይፈልጋሉ፤ መስመሩን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። እሱ ገና እሺ አላለም። «ነጂ ነበርኩ፣ ተናጋሪ ልሁን?» ይላል አሉ።

ረቡዕ፣ ስምንተኛ ሳምንት

የመጨረሻዋን ግጥሚያ አሰላለፍ ላክሁ። ጸደቀ ወይ ብዬ ሳይ የእኔ ተሽሮ ሌላ ተልኳል። ካርዶቹ ያው ናቸው፣ ዘበኛው ተመልሷል። ግን ከሥር አዲስ ነገር አለ። በጥንዶች ሊግ መንገዶቹን መከፋፈል ይቻላል፣ እኛ ተጠቅመንበት አናውቅም፤ እጁ ሁልጊዜ የእሱ ነበር። አሁን ግራና ቀኙ ላይ የእኔ ስም፣ መሃሉ ላይ የእሱ ስም ተጽፏል።

መልእክት የለውም። አጸደቅኩ።

ቅዳሜ፣ ስምንተኛ ሳምንት

ጋሼ እኔ ቤት መጣ። ብቻውን፣ በእግሩ። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃውን ሲቆጥር ድምፁ ይሰማኝ ነበር፣ ወርጄ ልረዳው ብዬ እጄን በሩ ላይ አድርጌ ቆምኩና ተውኩት።

ሻይ ቀዳሁ። «ብርጭቆውን ፊት ለፊቴ አድርጊው» አለ፣ ዝም ብሎ እንደሚጠየቅ ነገር። አደረግኩለት።

ተጫወትን። ለፍጻሜ አንገባም፣ አሥራ አራተኛ ነን፤ ግን እንዲህ በጥሞና ተጫውተን አናውቅም። እኔ በዳሮቹ፣ እሱ በመሃል። «ግራ ላይ ምን አለሽ?» ይለኛል። «ጃርት አለኝ፣ ሁለት ዕድሜ ቀርቶታል» እለዋለሁ። «ያዢው፣ ደረስኩልሽ» ይላል። እጄ ግን እንደ እሱ አይደለም፤ ቸኮልኩና አሻጋሪውን በማይሆን ተራ አወጣሁት። በአንድ ነጥብ ተሸነፍን።

«የቀኙን አላየሽም?» አለኝ።

«አላየሁም።»

ትንሽ ሳቀ። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ መሃሉን ያየው ነበር። አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም አልኩ። ይህን ደብተር ሳገላብጥ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ ነገ፣ ነገ፣ ነገ።

«ጋሼ፣ ለስምሪት ኃላፊው የነገርኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። ሰውየው ስም አልጠራም። ግን ሲነግረኝ ‹ዳሩን አያይም ተብሏል› አለኝ። የዓይኔን ዳር ከአንቺ ሌላ ማን ያውቀዋል?»

«እሺ ብዬህ ነበር።»

«ብለሽኝ ነበር።»

«ሴትየዋን ከፖስታ ቤቱ ጀምሬ አይቻታለሁ። ድንገት አልገባችም።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እሱን አላውቅም ነበር» አለ። ቆየና፣ «ቁልፉን የተቀበለኝ ቀን ላንቺ ልናገር ያሰብኩትን ብትሰሚው ይህን ቤት ደግመሽ አትከፍቺልኝም ነበር። በእግሬ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ስሰድብሽ ነው የመጣሁት። ቤት ገብቼ ጋደም አልኩ። እቱ፣ እስከ ማግስቱ ረፋድ ተኛሁ። ስንት ወር ነው እንቅልፍ ካየሁ። ማታ ማታ ዓይኔን ስጨፍን ሁልጊዜ አንድ ሰው ከቀኝ ይገባብኛል፤ ያን ቀን ማንም አልገባም» አለ።

«ይቅር አልከኝ?»

«ገና ነኝ። አትቸኩይ።»

«እሺ።»

«የእሺሽን ነገር እናውቀዋለን» አለና ተነሣ። እኔም ሳቄ መጣ፣ እንባዬም።

ሰኞ ስምሪት ክፍል ይጀምራል። ወጣቶቹን በሬዲዮ እንደሚያስመርራቸው ከወዲሁ እያሰበበት ነው። ጠብታዬን ጨምሬ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ረስቼው ነበር፤ እዚያው ቆሞ አስጨመረኝ።

ደረጃውን ስንወርድ ከሁለተኛው ፎቅ በኋላ «ክንድሽን አምጪ» አለ። ፌርማታው ላይ ቆምን። የእሱ የነበረው መስመር አውቶቡስ መጣ፤ አዲሱ ሹፌር በመስታወት ሲያየው አውቆት ከመቀመጫው ብድግ አለ፣ የሹፌሩን በር ሊከፍትለት ሁሉ ቃጣው። ጋሼ እጁን አወዛወዘለት። ከዚያ የኔን ክንድ ለቀቀና ከተሳፋሪዎቹ ኋላ ተሰለፈ፤ ተራው ሲደርስ ብረቱን በእጁ ዳብሶ አገኘና ገባ።